የጽናት አንደኛ ምርጫ

ጽናት የወንድሜ የወዳጆ ልጅ ናት። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምራ አሥራ ሁለተኛን እስክትጨርስ መሐል ሜዳ ከተማ እኔ ቤት ሆና ተማረች። ዐርብ ወደ አገሯ ትሄዳለች፣ እሑድ ማታ ስንቋን በጀርባዋ አዝላ ትመለሳለች። እኔ ዘንድ ጓዳ ተከራይተው የሚማሩ ሌሎች የገጠር ልጆችም ነበሩ፤ እነሱም በሶና ቆሎ ይዘው ይመጣሉ። እሷ ግን ከበሶው ጋር የበግ ወሬ ይዛ ትመጣ ነበር። የትኛዋ በግ እንደወለደች፣ የትኛውን ግልገል ውርጭ እንደገደለው፣ የትኛው ጠቦት ጠብቶ እንደማይጠግብ ሳትነግረኝ ደብተሯን አትከፍትም። እኔም የበግ ጸጉር እየፈተልሁ እሰማታለሁ። የፈተልሁትን ባና፣ የጸጉር ብርድ ልብስ፣ ለሚሠሩ ሸማኔዎች እሸጣለሁ፤ ኑሮዬ በዚህና በጓዳዎቹ ኪራይ ነው።

እኔ ትምህርቴን ከሰባተኛ ክፍል ነው የተውሁት። አባቴ «ይበቃል» አለ፣ በቃ። ስለዚህ ጽናትን በትምህርቷ ላግዛት የምችለው ነገር አልነበረም። አምሽታ ስታጠና «መብራቱን አጥፊው» አልላትም፤ ያ ነው እገዛዬ።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት ሲመጣ ከቀበሌያቸው ያለፈች እሷ ብቻ ሆነች። ከዚያ ቀን ጀምሮ በስሟ የሚጠራት ሰው ጠፋ። ዶክተር ሆነች። ውኃ ቀድታ ስትመለስ «ዶክተር፣ እንዴት ዋልሽ» ይሏታል፤ ቤተ ክርስቲያን ስትሳለም «ለዶክተር መንገድ ልቀቁ» ይባላል። የጽዋ ማኅበሩ ዕለት ጎረቤታቸው ጋሽ መኳንንት ከተቀመጡበት ተነሥተው «እጅሽ መድኃኒት ይሁን፤ ደጅሽን የረገጠ በሽተኛ ድኖ ይመለስ» ብለው መረቋት፤ ማኅበርተኛው ሁሉ አሜን አለ። እናቷ ይዘንጋሽ ወገቧን ያማታል። «ከእንግዲህ ደብረ ብርሃን ድረስ ሄጄ ወረፋ አልጠብቅም፤ ሐኪሜን ወልጃለሁ» ማለት ጀመረች። ወንድሜ ወዳጆ ንግግር አያበዛም። ሆኖም ሰው «የዶክተር አባት» ሲለው ጋቢውን ሳያስተካክል አያልፍም ነበር።

ሕክምና እማራለሁ ብላ ግን ለማንም ተናግራ አታውቅም። ይሄን ያስተዋልሁት በኋላ ነው።

ዩኒቨርስቲ ገባችና የመጀመሪያው ዓመት እየተጋመሰ ሳለ፣ በዐቢይ ጾም መካከል፣ ለእረፍት መጣች። መናኸሪያ ወጥቼ ተቀበልኋት። ከስታ ነበር፤ ዓይኗ ግን እንደ ድሮው ነው፣ ያየውን የማይለቅ። ቤት ገብተን የተልባ ፍትፍት አቀረብሁላት። ሁለት ጊዜ ጎርሳ እጇን መለሰች።

«እቴቴ፣ ዲፓርትመንት ልንመርጥ ነው» አለችኝ።

«እሱ ደግሞ ምንድን ነው?»

«የመጀመሪያው ዓመት ትምህርት ለሁላችንም አንድ ነው። ከዚያ የምንቀጥልበትን በተርታ እንሞላለን፤ አንደኛ ይሄን፣ ሁለተኛ ያን እያልን። በነጥባችን ይመድቡናል። አንደኛ የሞላሽው ከደረሰሽ ዋና ትምህርትሽ እሱ ነው። ከዋናው ጋር ደግሞ ማይነር የሚሉት ተደራቢ አለ፤ ጎን ለጎን ጥቂት ጥቂት የምትማሪው።»

«ታዲያ ምን አስጨነቀሽ? ዋናው ሕክምና ነው፤ ተደራቢውን ደግሞ ያሻሽን አድርጊው።»

«አንደኛ የምሞላው የእንስሳት ሳይንስ ነው።»

የሰማሁት አልመሰለኝም። «እንስሳት ማለት?»

«በግ፣ ላም፣ ፍየል። አረባባቸው፣ አመጋገባቸው። እኔ የምፈልገው የበጉን ነው።»

«ነጥብሽ አነሰ?»

«አላነሰም። ሕክምና ብሞላ ይደርሰኛል። ያ እኮ ነው የባሰው። ቢያንሰኝ ኖሮ ማንም አይቆጣኝም ነበር።»

እንዝርቴን አንሥቼ መፍተል ጀመርሁ። ነገር ሲከብደኝ የማደርገው እሱን ነው። ኋላ፣ «ሰምተሽኝ እንደሆነ፣ የፈለግሽውን ሙዪና ከተመደብሽ በኋላ ንገሪያቸው። አባትሽ ይቆጣል፣ ይከርማል፣ ይረሳል» አልኋት።

«ተደብቄ አልሞላም። አባባ ያልመረቁልኝን ትምህርት ይዤ ዓመት ሙሉ፣ ከዚያም ዓመት ሙሉ፣ ፊታቸውን እየሸሸሁ አልማርም። ሄጄ እነግራቸዋለሁ። ይመርቁኛል።»

«እምቢ ቢልሽስ?»

«ገና ሳልጠይቃቸው ለምን እምቢ ታሰኛቸዋለሽ?» ብላ ወደ ፍትፍቱ ተመለሰች። ምርጫው የሚዘጋው በሚመጣው ገበያ ማታ እንደሆነና ሳይሞላ የቀረ ተማሪ ቦታ ወደተረፈበት ትምህርት እንደሚጣልም የነገረችኝ እየጎረሰች ነው።

በማግሥቱ አብረን ወደ አገራቸው ወጣን። ለእኔም በጎቹ የሚሸለቱበት ሰሞን ስለነበር ጸጉር መውሰድ ነበረብኝ። ስንደርስ ወዳጆ ጉሮኖው ደጃፍ ቆሞ አንድ ጠቦት በመዳፉ ገብስ ያበላል። ጥቁር ነው፤ ግንባሩ ላይ ነጭ አለበት፣ ቀንዱ ገና መጠምዘዝ ጀምሯል፣ ጀርባው ሰፊ ነው። ቦቃው ይሉታል። ጋሽ መኳንንት ከወዲያ በኩል ካቡን ተደግፈው ያያሉ።

«ዶክተር መጣች!» አሉ። «ነይ እስቲ ይሄን ጉልበቴን እይልኝ።»

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ጉልበትዎ ምን ሆነ?»

«አረጀ።»

«ለእሱማ ዶክተርም የለው።»

ሳቁ። ወዳጆ ልጁን አገላብጦ ሳመና ወዲያው ወደ ጠቦቱ አሳያት። «ቦቃውን አየሽልኝ? ስትሄጂ ግልገል አልነበር? በሚመጣው ገበያ ይወጣል። ለፋሲካ የሚገዙት ነጋዴዎች ከወዲሁ መምጣት ጀምረዋል። በእሱ ዋጋ ነጩን ካፖርትሽን እገዛልሻለሁ። ያን ጆሮ ላይ የሚሰኩትንም ጭምር።»

በዓይኔ «ኋላ» አልኋት። እግሯን እንኳ አላሳረፈችም፤ እናቷ ገና ከቤት መውጣቷ ነው። ልጅቷ ግን ሻንጣዋን መሬት ላይ አስቀመጠችና ቀጥ ብላ ቆመች።

«አባባ፣ ካፖርቱ አያስፈልገኝም። ሕክምና አይደለም የምሞላው። የእንስሳት ሳይንስ ነው። ስለ በግ ነው የምማረው።»

ቦቃው ገብሱን ሲቆረጥም ይሰማ ነበር።

«ስለ በግ» አለ ወዳጆ።

«አዎ።»

«በግ ለመጠበቅማ እዚሁ ነበርሽ። ይሄን ሁሉ ዘመን በብርድ የተመላለስሽው ዞረሽ ዞረሽ ጉሮኖ ልትገቢ ነው?»

ጋሽ መኳንንት አፋቸውን በጋቢያቸው ያዙ። «ለበግም ዲግሪ ይሰጣል እንዴ? እንዲያ ከሆነ እኔ ከነውሻዬ ፕሮፌሰር ነኝ!»

«ወገቤስ?» አለች ይዘንጋሽ ከደጃፉ።

«ወገብሽን ሐኪም ያየዋል እማዬ። ራሴ ይዤሽ እሄዳለሁ። እኔ ሐኪም እስክሆን ትጠብቂያለሽ?»

ወዳጆ መዳፉን አራገፈ። ቁጣ አልነበረውም፤ ለመደራደር መሞከሩ ነው ያሳዘነኝ። «ቆይ እስቲ» አለ። «ዋናና ተደራቢ የሚባል አለ ሲባል ሰምቻለሁ። ሕክምናውን ዋና አድርጊው። በጉን ተደራቢ አድርጊው። አንቺም ደስ ይልሻል፣ እኔም ሰው ፊት አላፍርም።»

«ሕክምና እንዲህ ያለ ተደራቢ የለውም አባባ። ቢኖረውም ሕክምናውን የሚማር ሞልቷል። ከእኔ ጋር ካሉት ልጆች ግማሾቹ እሱን ነው የሚሞሉት። የእኛን በግ ግን ማን ያየዋል?»

«እኔ አየዋለሁ!» አለ ወዳጆ፣ አሁን ድምፁ ከፍ ብሎ። «አባቴ አይቶታል፣ አያቴ አይቶታል። ማኅበሩ የመረቀሽ በሌላ ነው። እኔ ምን ብዬ ነው ማኅበር የምቀመጠው? ሰማሽኝ፣ በዚህ ነገር ምርቃቴን አታገኚም።»

«እንግዲያው እስኪመርቁኝ እጠብቃለሁ» አለች። «ያለ ምርቃትዎ አልሞላም። ሌላም ግን አልሞላም።»

«ቀኑ ቢያልፍስ?»

«ይለፍ። ወደጣሉኝ እገባለሁ።»

ሻንጣዋን አንሥታ ወደ ቤት ገባች። ጋሽ መኳንንት ወደ እኔ ዞረው፣ «ስሟን ያወጡላት ቄስ ምናለ ሌላ ቢያወጡላት ኖሮ» አሉ።

ወንድሜ ለብቻዬ ይዞኝ ወጣ። «ጌታነሽ፣ አንቺን ትሰማሻለች። ንገሪያት እንጂ» አለኝ። ነገርኋት። ልብስ ስታጥብ አጠገቧ ተቀምጬ፣ «ልጄ፣ እሺ በያቸው። እሺ ማለት አይገድልም። እኔ እሺ ብዬ ነው የኖርሁት» አልኋት።

«ታዲያ እንዴት ነው እቴቴ?»

«ይኖራል።»

የጨመቀችውን ነጠላ አራገፈች። «‹ይኖራል› ነው እኮ ያልሽኝ። ‹ጥሩ ነው› አላልሽኝም።»

ተመልሼ ለወንድሜ «አልቻልኋትም» አልሁት።

በማግሥቱ ጠዋት በጎቹን መሸለት ጀመርን። ወዳጆ ይይዛል፣ እኔ እሸልታለሁ፣ ጽናት ጸጉሩን እየሰበሰበች በጆንያ ትከታለች። አባትና ልጅ ለሥራ ካልሆነ አይነጋገሩም፤ «ያዥ»፣ «ልቀቂ»፣ «እዚያ ጋ»። በመካከል ያየሁት ነገር ከአፌ አመለጠኝና ወንድሜን ጠየቅሁት። «ጋሼ፣ የዘንድሮው ጸጉር ምን ነካው? ድሮ በእናታችን ጊዜ አንድ በግ የምትሰጠውን አሁን ሁለቱ አይሞሉትም።»

«በጉ ነዋ ያነሰው» አለ ወዳጆ። «አባታችን በነበሩ ጊዜ አንድ አውራ በግ ለሁለት ሰው ነበር የሚከብደው። አሁን ይሄው፣ ድመት አክሎ ይቀራል። ሣሩ ነው። ዝናቡም ነው። ጊዜው ነው።»

ጽናት ጆንያውን አስቀመጠች። ተመራምራ ልታስተምረው አልሞከረችም፤ እንደ ልጅነቷ ነው የጠየቀችው።

«አባባ፣ የእነዚህ ግልገሎች ሁሉ አባት ማን ነው?»

«ተመላሽ ነዋ። ሌላ ማን አለ?»

ተመላሽ ጉሮኖው ጥግ ቆሞ ነበር። ይሄን በግ ማንም ያውቀዋል። ወዳጆ ገበያ ሲያወጣው ነጋዴው ጫኔ ወገቡን ዳብሶ፣ «ይሄን ለማን ልሸጠው?» ብሎ የመለሰው ነው። ደግሞ ለገና አወጣው፣ ደግሞ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ስሙ ተመላሽ ሆኖ ቀረ። ጀርባው እንደ መጥረቢያ ስለት ነው፤ ላቱ አለ አይባልም። ጸባዩ ግን ደግ ነው፣ ሰው አይወጋም።

«ከእሱ የሚሻሉት የት ሄዱ?»

«ተሸጡ።»

«የዚህች የቡናማዋ የፊተኛው ልጇስ?»

«ኧረ እሱማ! ምን የመሰለ በግ ነበር! ለመስቀል ሸጥሁት። ጫኔ ነው የወሰደው።»

«የጥቁሯስ?»

«ለገና። እሱም ግሩም ነበር።»

«የዚያች የአሮጊቷስ? መንትዮቹ?»

«አንዱን ለእህትሽ ሰርግ አረድነው። አንዱን ለጥምቀት...» ብሎ አቆመ። የያዛትን በግ ለቀቃት፤ ግማሽ ጎኗ ተሸልቶ ግማሹ ሳይሸለት እየሮጠች ሄደች።

ጋሽ መኳንንት እንደ ልማዳቸው ካቡ ላይ ነበሩ። «ቆንጆው ቀድሞ ይዳራል፤ መልከ ጥፉው ቤት ይቀራል። በሰውም ያው ነው» አሉ።

«በሰው እንኳ ቤት የቀረው አባት አይሆንም» አለች ጽናት። «እዚህ ግን አባት የሚሆነው የቀረው ነው። ዘንድሮም፣ ለከርሞም።»

ወዳጆ ፊቱ ጠቆረ። «ምን ላድርግ ነው የምትዪኝ? ከሲታውን እየጎተትሁ ገበያ ልውጣ? ሰው ‹የወዳጆ በግ ይሄ ነው?› ይበለኝ? አባቴ ለበዓል ገበያ መልካሙን እንጂ ክፉውን አውጥቶ አያውቅም። አገሩ ሁሉ እንዲሁ ነው።»

«አውቃለሁ አባባ። አገሩ ሁሉ እንዲሁ ስለሆነ ነው።»

ከዚያ በላይ አልጨመረችም። በጊቱን አባርራ ይዛ መለሰችልንና ሽለታውን ጨረስን። እሱም ስለ ነገሩ ዳግመኛ አላነሣም። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ግን ሽምብራ ቆሎ ይዤለት ስወጣ ጉሮኖው ውስጥ ብቻውን ቆሞ ተመላሽን ሲያየው አገኘሁት። ምን እያየ እንደሆነ አልጠየቅሁትም። እኔ ሰው የሚያስበውን አልጠይቅም።

የገበያው ዕለት ሁላችንም ወደ መሐል ሜዳ ወረድን። አገራቸው ኔትወርክ ስለሌለ ጽናት መሙላት የምትችለው እኔ ቤት ነው፤ ወዳጆም ቦቃውን እየነዳ አብሮን መጣ። መንገዱን ሙሉ ስለ በልጉ ዝናብ አወራን። ቤቴ ስንደርስ ጽናት ስልኳን ሶኬት ላይ ሰካችና ቁጭ አለች።

«እንግዲህ አባባ፣ እዚህ ነኝ» አለችው።

«ሙዪ እንግዲህ» አላት። «የሚሞላውን ታውቂያለሽ።»

«እኔም የማውቀው አንድ ነው። ይመርቁኛል?»

ገመዱን በእጁ ጠቅልሎ ወጣ። እሷ አላለቀሰችም። እኔ ብሆን አለቅስ ነበር። ስልኩን ጭኗ ላይ አድርጋ ግድግዳ ግድግዳውን ታያለች። ልሸጠው የነበረ የጸጉር ድውር ነበረኝ፤ እሱን ይዤ ወንድሜን ተከትዬ ወደ በግ ተራ ሄድሁ። ቢጣላ እንኳ ሰው ይኑረው ብዬ ነው።

ገበያው ሞልቷል። ወዳጆ ገና ቆሞ ሳይደላደል ሰው ከበበው፤ ቦቃውን ያላየ የለም። በግ ነጋዴው ጫኔ ሰዉን በክንዱ እየገፋ መጣ። ጎንበስ ብሎ የጠቦቱን ወገብ ጨበጠ፣ ላቱን መዘነ፣ ጥርሱን አየ። ቀና ሲል ሳቅ ብሎ ነበር።

«ጋሽ ወዳጆ፣ ይሄን ከየት አመጡት?»

«ከቤቴ ነዋ። ከየት ላመጣው ኖሯል?»

«እንዲህ ያለ በግ ከእናንተ አገር ካየሁ ቆየሁ። ወንድም የለውም?»

«ወንድሙንማ ለመስቀል አንተው ወሰድኸው።»

«ወሰድሁ እንዴ? አዎ፣ ወስጃለሁ። አባቱስ? አባቱ ካለ እሱንም ዛሬውኑ እገዛዎታለሁ።»

ወዳጆ የጠቦቱን ጀርባ ዳበሰ። ጫኔ መልሶ ጠየቀው። «አባቱ ማነው?»

«አባቱን ታውቀዋለህ» አለ ወዳጆ ቀስ ብሎ። «ሁለት ጊዜ የመለስህልኝ ነው።»

ጫኔ በሳቅ ጉልበቱን ያዘ። «ያ አጥንቱ የሚቆጠረው? ይሄ ከእሱ ተወለደ? ስሙልኝ ጎበዝ!» ብሎ ወደ ሰዉ ዞረ። «ተአምር ነው ያመጡልን! በሉ ጋሼ፣ ተአምር በየዓመቱ አይገኝም፤ ሳይጠፋ ይስጡኝ» ብሎ እጁን ዘረጋ። በእኛ አገር እጅ ለእጅ ከተመታ በግ ተሸጠ ማለት ነው።

ወንድሜ የተዘረጋውን እጅ አየ። የራሱ እጅ ገመዱን እንደያዘ ነው።

«አልሸጠውም» አለ።

«ዋጋ አልተነጋገርንም እኮ!»

«አልሸጠውም አልሁህ።»

«እና ለምን አወጡት? ለጉብኝት?» አለ ጫኔ። ሰዉ ሳቀ። አንዱ ከኋላ፣ «ጋሽ ወዳጆ ከዶክተሯ ጋር ተማክረው ይመጣሉ» አለ። ደግሞ ሳቁ። በበግ ተራ በግ ይዞ የሚመለስ ሰው መሳቂያ ነው፤ ወይ በጉ ነውር አለበት፣ ወይ ሰውዬው። ወንድሜ ይሄን ጠንቅቆ ያውቃል። ጋቢውን አስተካከለና ሰዉን ሰንጥቆ ወጣ።

ቤቴ ስንገባ ጽናት እንደተውናት ናት። ቦቃው ተከትሎን እስከ ደጃፉ ገብቶ የድውር ቋጠሮዬን ማሽተት ጀመረ። እሷ ጠቦቱን አየች፣ አባቷን አየች።

ወዳጆ መደቡ ላይ ተቀመጠ። «ይሄን ባስቀረው ምን ታደርጊበታለሽ?»

«ለዘንድሮ እሱ አውራ ይሁን። ተመላሽ ይውጣ። ከግልገሎቹ ደግሞ ቀድሞ የገዘፈውን አንሸጥም፤ የሚቀጥለውን እንሸጣለን። የእኛ ብቻ ግን አይበቃም። መስኩ አንድ ነው፣ የጋሽ መኳንንት በጎችም ከእኛ ጋር ነው የሚውሉት። እሳቸውም መልካሙን እንዲያስቀሩ ማድረግ አለብን።»

«መኳንንት መልካም የለውም።»

«ከቦቃው ይወለድላቸዋላ።»

«በነፃ?» አለ ወዳጆ፣ ደንግጦ። ያኔ ሳቅሁ፤ ከስንት ጊዜ በኋላ።

«ይሄን እኔ የማውቀው በዓይኔ ስላየሁት ብቻ ነው አባባ» አለች። «ከዚያ ወዲያ ያለውን አላውቅም። የትኛዋ ከየትኛው ጋር እንደምትሻል፣ በክረምት ምን ቢበሉ እንደሚቋቋሙ፣ ግልገሉ ለምን በውርጭ እንደሚሞት። እሱን ልማር ነው የምልዎት። ተምሬም የምመጣው እዚሁ ነው።»

ወንድሜ ቦቃውን ከድውሬ ቋጠሮ ስቦ መለሰው። ኋላ ወደ እኔ ዞሮ፣ «አንቺ ምን ትያለሽ?» አለኝ። እኔን በዚህ ዓለም ጠይቆኝ አያውቅም። የመጣልኝን ተናገርሁ።

«እኔ እሺ አልሁ ጋሼ። ከዚህ ቤት እሺ ያለች አንድ ትበቃለች።»

ተነሣ። ጽናትም ተነሥታ ጎንበስ አለች። እጁን ራሷ ላይ ጫነ። «የነካሽው ይርባ። የጠበቅሽው አይጥፋ። በብርድ የወጣሽውን በሙቀት ያግባሽ። የሳቀብሽ ደጅሽ መጥቶ አውራ ይለምንሽ። እኔንም ያን ለማየት ያድርሰኝ።»

«አሜን» አልን፤ እሷ ወደ መሬት፣ እኔ ወደ እንዝርቴ።

ስልኳን አነሣች። ኔትወርኩ ይሄድ ይመጣ ነበር፤ አንድ ጊዜ ደጅ ወጥታ ካቡ ላይ ቆማ መለሰችው። አንደኛውን ሞላች። ወዳጆ ከትከሻዋ በላይ ያያል፤ ማንበብ አይችልም፣ ግን ያያል።

«ተደራቢውስ?» አላት።

«እሱን ገና አልቆረጥኩም። ሒሳብ ይሁን ወይስ ሌላ እያልኩ ነው።»

«እሱን እኔ ልምረጥልሽ?»

ፈራች። እኔም ፈራሁ፤ ሕክምና ሊል ነው ብዬ።

«ንግድ አለ?»

«አለ።»

«ንግድ አድርጊው። ጫኔን የሚረታ ሰው እቤታችን የለም።»

ጽናት አባቷን ቀና ብላ አየችውና ሳቀች። ሞላችው። «አለቀ» አለች።

«ይሄው ነው?»

«ይሄው ነው።»

«ለዚህ ነው እንዴ ይሄን ሁሉ ሰሞን እንቅልፍ ያጣነው!» ብሎ ገመዱን አነሣ።

ወደ አገራቸው የሚወስደው በገበያው ጀርባ የሚያልፍ አቋራጭ አለ፤ በዚያ ቢሄድ የሚያየው አይኖርም ነበር። «በዚያ ሂዱ ጋሼ» አልሁት። አልሰማኝም። በጉን ይዞ በገበያው መካከል፣ በበግ ተራው ውስጥ ነው የሄደው። ጽናት ከጠቦቱ ኋላ ትከተላለች። ድውሬን ልሸጥ አብሬያቸው ጥቂት ሄድሁ።

«ጋሽ ወዳጆ፣ አልሄደልዎትም?» አለው አንድ የአገራቸው ሰው።

«ልሸጠው አልመጣሁም።»

«እና ምን ሊያደርጉት ነው?»

«አውራ ላደርገው።»

«እንዲህ ያለውን በግ! ዶክተርም ዝም ብላ ታያለች?» አለና ሰውዬው ወደ ጽናት ዞረ።

ወንድሜ ቆመ። ጋቢውን አላስተካከለም። ተራው ሁሉ በሚሰማበት ድምፅ፣ «ዶክተር የለችም» አለ። «ይቺ ልጄ ጽናት ናት። የምትማረው የበግ ነው። በሉ መንገድ ልቀቁ።»

ለቀቁለት። አንዳንዱ እየሳቀ ነው የለቀቀው። ቦቃው ቀድሞ፣ አባትና ልጅ ተከትለው፣ ሽቅብ መንገዱን ያዙ።